የጦር ጨዋታን ለመቀበል የታደሱ ኮምፒዩተሮች፤ የባትልፊልድ 3 ዋዜማ ታሪክ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ባትልፊልድ 3 የተባለው የጦርነት ጨዋታ በ2011 ከመውጣቱ አስቀድሞ በኮምፒዩተር ተጫዋቾች ዘንድ የተደረገው ዝግጅት ነው። ስለ ጨዋታዎች የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ጨዋታው ለሽያጭ ከቀረበበት ቀን ነው፤ ማን እንደ ሠራው፣ ምን ያህል እንደ ተሸጠ፣ እንዴት እንደ ተመሰገነ ወይም እንደ ተነቀፈ ይተርካል። እኛ ግን የምንመለከተው ከዚያ ቀን በፊት ያለውን ጊዜ፣ ይኸውም ዋዜማውን ነው። በዚያ ዋዜማ ብዙ ሰዎች ገና በእጃቸው ላልገባ ጨዋታ ሲሉ የኮምፒዩተራቸውን ሣጥን ፈትተው አሮጌውን ዕቃ አውጥተው አዲሱን አስገብተዋል። ይህ ድርጊት ለተመልካች የወጣቶች ቅብጠት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ውሎ አድሮ ከጨዋታ ውጭ ትልቅ ፍሬ ያፈራ በመሆኑ የታሪክ ተማሪ ሊያልፈው አይገባም።

ጥያቄያችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጉጉቱ ከምን መጣ? ሁለተኛ፣ በጉጉቱ ምክንያት የወጣው ገንዘብ መጨረሻው ወዴት ደረሰ? ለማስረዳት የምንሞክረውም ሐሳብ ይህ ነው፦ ባትልፊልድ 3 በኮምፒዩተሩ ላይ የጣለው ዝቅተኛ መመዘኛ፣ ሥዕል ብቻ ይሥል የነበረውን የግራፊክስ ካርድ ማናቸውንም ስሌት ከሚሠራው ካርድ የሚለየው ድንበር ራሱ ነበር። ስለዚህ ተጫዋቹ ጨዋታ የገዛ ሲመስለው፣ ሳያስበው ለሌላ ዘመን መሣሪያ ዋጋ ከፋይ ሆነ።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ማስታወሻ እንሰጣለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ሁለተኛው፣ በከተማችን በፕሌይስቴሽን ቤት እየከፈለ የሚጫወት ወጣት መሣሪያ የማደስ ሐሳብ የለበትም፤ ያ የቤቱ ባለቤት ጣጣ ነው። በራሱ ኮምፒዩተር የሚጫወት ሰው ግን ተጫዋችም፣ ባለ ሱቅም፣ ጠጋኝም ራሱ ነው። አዲስ ጨዋታ መምጣቱ በተነገረ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄው «ጥሩ ነው ወይ?» ሳይሆን «የኔ ማሽን ይችለዋል ወይ?» የሚል ነው። የዚህ ታሪክ ሥሩ ያለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

፩. ልማዱ እንዴት እንደ ተተከለ

በዲሴምበር 10 ቀን 1993 በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት የነበረው ኢድ ሶፍትዌር የተባለ ትንሽ ኩባንያ ዱም የተባለውን የተኩስ ጨዋታ አወጣ። የጨዋታውን የመጀመሪያ ክፍል ማንም ሰው እየገለበጠ ለወዳጁ እንዲሰጥ ስለ ተፈቀደ ወሬው ፈጥኖ ተዛመተ። ዱም በ386 ፕሮሰሰርና በ4 ሜጋባይት ራም ይከፈት ነበር፤ ሳይንቀረፈፍ የሚሄደው ግን በ486 ላይ ነው። እንግዲህ «ይከፈታል» በሚለውና «በደንብ ይሄዳል» በሚለው መካከል ያለው ርቀት ገና በዚያን ጊዜ ታወቀ። ያን ርቀት የሚሞላው የተጫዋቹ ኪስ ነበር። የጦርነትና የጨዋታ ቅርበትም ከዚያው ይጀምራል፤ የአሜሪካ ማሪን ጓድ በ1996 ዱም 2ን ለወታደሮቹ ማሠልጠኛ እንዲሆን አሻሽሎ ተጠቅሞበታል።

ይኸው ኩባንያ በጁን 1996 ኩዌክን አወጣ። ኩዌክ የነጥብ ቍጥሮችን ስሌት አብዝቶ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በዚህ ስሌት ብርቱ የነበረው የኢንቴል ፔንቲየም ፕሮሰሰር ተመረጠ፤ በርካሽነታቸው የተገዙ ተወዳዳሪዎቹ ግን ወደ ኋላ ቀሩ። በዚያው ዓመት ስሪዲ ኤፍ.ኤክስ. የተባለ ኩባንያ ቩዱ የተባለውን ካርድ ለገበያ አቀረበ። ይህ ካርድ ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል ከመሣል በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ለተራው የጽሕፈት ሥራ በአጠገቡ ሌላ ካርድ መኖር ነበረበት። በ1997 መግቢያ ለእንዲህ ያሉ ካርዶች የተዘጋጀ የኩዌክ ዕትም በወጣ ጊዜ ለጨዋታ ብቻ የሚያገለግል ዕቃ መግዛት እንደ እብደት መቈጠሩ ቀረ። ኩባንያው ግን ብዙ አልቈየም፤ ንብረቱ በ1993 በተቋቋመው ተቀናቃኙ በኤንቪዲያ እጅ እንዲገባ በዲሴምበር 2000 ስምምነት ተደረገ።

ባትልፊልድ ወደዚህ ልማድ የገባው በሴፕቴምበር 2002 ነው። የስዊድኑ ዳይስ የተባለ የስቶክሆልም ድርጅት የሠራው ባትልፊልድ 1942 እስከ 64 ሰዎችን በአንድ ሜዳ ላይ አሰልፎ በታንክ፣ በአውሮፕላንና በመርከብ ያዋጋ ነበር። ዝቅተኛው መመዘኛው 500 ሜጋኸርትዝ ፕሮሰሰር፣ 128 ሜጋባይት ራም፣ እንዲሁም የቅርጽና የብርሃን ስሌትን ራሱ የሚሠራ ባለ 32 ሜጋባይት ካርድ ነበር። ይህ የካርዱ ችሎታ ኤንቪዲያ ጂፎርስ 256ን ባወጣበት በ1999 ለባለጸጋ የተዘጋጀ ልዩ ነገር ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ የትናንቱ ቅንጦት የዛሬ ግዴታ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ አስተማሪ የሆነው የባትልፊልድ 2 ጉዳይ ነው። ይህ ጨዋታ በጁን 2005 ሲወጣ ከካርዱ የሚፈልገው የፒክስል ሼደር ደረጃ 1.4 ነበር። በፌብሩዋሪ 2002 በ399 ዶላር የወጣውና የዘመኑ አውራ የነበረው ጂፎርስ 4 ቲ.አይ. 4600 የሚያውቀው ደረጃ ግን 1.3 ነበር። ስለዚህ ተጣለ። ከእርሱ ቀድሞ በ2001 የወጣውና ዋጋው ያነሰው የኤ.ቲ.አይ. ራዲዮን 8500 ግን 1.4ን ያውቅ ስለ ነበረ ተቀባይነት አገኘ። በጉልበት የሚበልጠው ተባረረ፣ በጉልበት የሚያንሰው ገባ። ከዚህ የምንማረው መመዘኛ ሁልጊዜ የጉልበት ጉዳይ እንዳልሆነ ነው፤ ካርዱ የጨዋታውን ቋንቋ ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚል ጥያቄም አለበት። ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው ቋንቋው ስለ ጐደለው በር ላይ መቅረቱ በተጫዋቾች ዘንድ ቅሬታ አስነሥቶ ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ በ2011 በሌላ መልክ ተመልሶ ይመጣልና።

፪. የ2011 ጥበቃ

ከባትልፊልድ 2 እስከ ባትልፊልድ 3 ስድስት ዓመት አለፈ። በመካከሉ ዳይስ ባድ ካምፓኒ የተባሉትንና ሌሎችን ጨዋታዎች ማውጣቱ አልቀረም፤ ነገር ግን በቍጥር ተራው «ሦስተኛ» ተብሎ የሚጠራውን የኮምፒዩተር ተጫዋች በተለይ ይጠብቀው ነበር። ምክንያቱም በነዚያ ዓመታት ብዙ የጦር ጨዋታዎች የሚሠሩት አስቀድሞ ለኮንሶል ሆኖ ወደ ኮምፒዩተር የሚመጡት እንደ ትርፍራፊ ነው የሚል ቅሬታ ስለ ነበረ ነው። የኮንሶሎቹ ዕድሜም ገፍቶ ነበር፤ ኤክስቦክስ 360 በ2005፣ ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 የወጡ ናቸው።

በማርች 2011 መግቢያ በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው የጨዋታ ሠሪዎች ጉባኤ ዳይስ ጨዋታውን አሳየ። የታየውም በኮምፒዩተር የሚሄደው ዕትም ነበር። በዚሁ ጉባኤ የድርጅቱ የግራፊክስ መሐንዲስ ዮሐን አንደርሶን ፍሮስትባይት 2 የተባለው አዲሱ ሞተር ዳይሬክት ኤክስ 11ን እንዴት እንደሚጠቀም ንግግር አደረገ። ከዚያ በኋላ በየጊዜው የሚለቀቁት አጫጭር ፊልሞች ጉጉቱን አሟሟቁት። በእነርሱም የሚታየው የሚፈርስ ግድግዳ፣ በአቧራ ውስጥ የሚሰነጠቅ የፀሐይ ብርሃን፣ የወታደሩ ድካም የሚታይበት አረማመድ ነበር።

ከጉጉቱ ጋር ቍርጥ ያለ ነገርም ተነገረ፤ ጨዋታው በዊንዶውስ ኤክስ.ፒ. ላይ አይሄድም። ዊንዶውስ ኤክስ.ፒ. ለሽያጭ የቀረበው በኦክቶበር 25 ቀን 2001 ነበር። ባትልፊልድ 3 በአሜሪካ የወጣው በኦክቶበር 25 ቀን 2011 ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ልክ በዕለቱ መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ኮምፒዩተሮች ገና በኤክስ.ፒ. ይሠሩ ነበር፤ ነገር ግን ማይክሮሶፍት ዳይሬክት ኤክስ 10ን ለቪስታና ከዚያ በኋላ ለመጡት እንጂ ለኤክስ.ፒ. ስላልሰጠ፣ የአሮጌው ዊንዶውስ ባለቤት ካርዱ ምንም ያህል አዲስ ቢሆን መግባት አይችልም ነበር። የ2005ቱ የቋንቋ ጥያቄ እንዲህ ሆኖ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን የተጣለው ካርድ ብቻ ሳይሆን ዘመን ነበር።

የወጣው ዝርዝር የሚከተለው ነው። ለዝቅተኛው ቪስታ፣ 2 ጊጋባይት ራም፣ እንዲሁም ጂፎርስ 8800 ጂ.ቲ. ወይም ራዲዮን ኤች.ዲ. 3870። ለተመከረው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 7፣ ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ እንዲሁም ጂፎርስ ጂ.ቲ.ኤክስ. 560 ወይም ራዲዮን ኤች.ዲ. 6950። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የዝቅተኛው ካርዶች በ2007 የወጡ፣ የአራት ዓመት ዕድሜ ያላቸው ናቸው። እንግዲህ ጨዋታው ሁሉንም ሰው ወደ ሱቅ አላባረረም፤ ብዙዎች በነበራቸው ካርድ መጫወት ይችሉ ነበር። ሆኖም ወደ ሱቅ ሄዱ። ምን አስኬዳቸው?

፫. ሣጥኑ ሲከፈት

መልሱ ከፊሉ በጨዋታው አሠራር ውስጥ ይገኛል። በኮንሶል በአንድ ሜዳ የሚዋጉት 24 ሰዎች ሲሆኑ በኮምፒዩተር 64 ነበሩ። በኮንሶል ሥዕሉ በሴኮንድ 30 ጊዜ ሲታደስ፣ በኮምፒዩተር ግን የካርዱ ጉልበት እስከ ፈቀደ ድረስ 60 ጊዜና ከዚያም በላይ ሊታደስ ይችላል። በተኩስ ጨዋታ ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ጠላቱን አንድ ዐይን ጥቅሻ ቀድሞ ያየ ሰው ይተርፋል። ስለዚህ ዕቃ ማደስ ለተጫዋቹ እንደ ጌጥም እንደ ትጥቅም ነበር።

ሌላው ከፊል በኮምፒዩተሩ ባሕርይ ውስጥ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች እንደ ዘመድ የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ይነሣል። ጨዋታው ቢያንስ ቪስታን ይጠይቃል። ዊንዶውሱ ከተቀየረ ደግሞ 64 ቢት መሆን አለበት፤ ባለ 32 ቢቱ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ራም አይጠቀምምና። ካርዱ ከተቀየረ አሮጌው ፓወር ሰፕላይ ይበቃል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ በኖቬምበር 2010 በ499 ዶላር የወጣው ጂ.ቲ.ኤክስ. 580 ለራሱ ብቻ እስከ 244 ዋት ይፈልግ ነበር። ፕሮሰሰሩ ከተቀየረ ማዘርቦርዱም ይቀየራል፤ በጃንዩዋሪ 2011 የወጡት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች መሰኪያቸው አዲስ ስለ ነበረ በአሮጌው ቦርድ ላይ አይቀመጡም። ማዘርቦርዱ ሲቀየር አሮጌው ራም የማይገጥምበት ጊዜ ብዙ ነው። «ካርድ ብቻ ልቀይር» ብሎ የጀመረ ሰው ሳያስበው አዲስ ኮምፒዩተር ሠርቶ ይጨርሳል።

በእነዚያ ወራት በተጫዋቾች መካከል የነበረው ምክክር ሁለት ወገን ነበረው። አንዱ ወገን «አሁኑኑ ግዛ፣ ጨዋታው ሲወጣ ተዘጋጅተህ ጠብቅ» ይላል። ሌላው «ጨዋታው ይውጣና በዓይንህ አይተህ ግዛ፤ ዕቃ በየወሩ ይረክሳል፣ ጨዋታም እንደ ተባለለት ላይሆን ይችላል» ይላል። ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው። የኤ.ኤም.ዲ. አዲሱ ኤፍ.ኤክስ. ፕሮሰሰር ይመጣል እየተባለ ሲጠበቅ ቈይቶ በኦክቶበር 12 ቀን 2011 ወጣ፤ ነገር ግን በብዙ ጨዋታዎች በዋጋ ከሚቀርበው ከኢንቴል ኮር አይ 5 2500 ኬ. በታች ሆኖ ተገኘ። እርሱን ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች የጨዋታው ቀን ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው እንደ ገና ማሰብ ግድ ሆነባቸው። በአንጻሩ ሃርድ ዲስክ መግዛትን ወደ ኋላ ያቈዩት የባሰ ገጠማቸው። በ2011 መጸው በታይላንድ በደረሰው ታላቅ ጐርፍ የዌስተርን ዲጂታልና የሌሎች ፋብሪካዎች በውኃ ተዋጡ፤ የሃርድ ዲስክም ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ናረ። በስቶክሆልም የተሠራ ጨዋታን ለመቀበል የሚዘጋጅ ሰው ሒሳቡ በባንኮክ አካባቢ በዘነበ ዝናብ ይለወጥ ነበር። ይህም መሣሪያው የስንት አገር ሥራ እንደ ሆነ ያስረዳል።

ከሴፕቴምበር 29 ጀምሮ እስከ ኦክቶበር 10 ቀን ድረስ ጨዋታው ለሙከራ በነጻ ተከፈተ። ሜዳው በፓሪስ ከተማ መናፈሻና የምድር ውስጥ ባቡር መሥመር ላይ የተሠራ ነበር። ለአሳታሚው ይህ ሙከራ የመረቦቹን አቅም መፈተኛ ነበር፤ ለተጫዋቹ ግን ራሱን መመዘኛ ሆነ። ኮምፒዩተሩ ይችል እንደ ሆነ በወሬ ይገምት የነበረ ሰው አሁን በቍጥር ዐወቀ። የካርድ ኩባንያዎቹም ለጨዋታው ተብለው የተዘጋጁ ድራይቨሮችን አወጡ። በዚህ ጊዜ ጨዋታው፣ ካርዱና የተጫዋቹ ኪስ አንድ ገበያ ሆኑ።

፬. ተቃራኒ ማስረጃዎች

አንድ ነገር ደጋግሞ ሲነገር እውነት መስሎ ስለሚታይ፣ ሐሳባችንን የሚቃወሙ ሁለት ማስረጃዎችን አስቀድመን እናቀርባለን።

የመጀመሪያው የተቀናቃኙ ጨዋታ ነው። ኮል ኦፍ ዲውቲ ሞደርን ዎርፌር 3 በኖቬምበር 8 ቀን 2011 ወጣ። ይህ ጨዋታ በዊንዶውስ ኤክስ.ፒ. ላይ ይሄዳል፤ ከካርዱም ብዙ አይጠይቅም። አሳታሚው እንደ ገለጸው በአሜሪካና በእንግሊዝ ብቻ በአንድ ቀን 6.5 ሚሊዮን ቅጅ ተሸጠ። ባትልፊልድ 3 በመጀመሪያው ሳምንት በዓለም ሁሉ የተሸጠው 5 ሚሊዮን ነበር። እንግዲህ አዲስ ዕቃ መጠየቅ የብልጽግና መንገድ ነው ማለት አይቻልም፤ በሩን ሰፋ አድርጎ የከፈተው የበለጠ ሰው አስገባ። ዳይስ በኮምፒዩተር ረገድ የመረጠው መንገድ ከአሮጌው መሣሪያ ባለቤት የሚገኘውን ገንዘብ እያወቁ መተው ነበር።

ሁለተኛው የጨዋታው ይዘት ነው። ዕቃ የታደሰለት ይህ ጦርነት በምናብ ብቻ ያለ አገር ላይ የሚካሄድ አልነበረም። ታሪኩ በ2014 ይሆናል ተብሎ የታሰበ ሲሆን የአሜሪካ ማሪኖች በኢራቅ ከሱለይማኒያ ተነሥተው ቴህራን ድረስ ሲዋጉ ያሳያል። በኢራን በኖቬምበር 2011 የጨዋታው ሽያጭ ታገደ፤ ኢራናውያን ተጫዋቾችም ከተማቸው የጦር ሜዳ ሆና መታየቷን ተቃወሙ። የብርሃንና የአቧራ ውበት በተደነቀበት ወር የዚያ አቧራ ስም ለአንዳንዶች የሰፈራቸው ስም ነበር። ስለዚህ የዋዜማውን ደስታ ስንጽፍ ደስታው ለሁሉም እኩል እንዳልነበረ መጻፍ ይገባናል። «ዕቃው እንጂ ታሪኩ አይመለከተንም» የሚል ተጫዋች ቢኖር፣ ሥዕሉ እውነት እንዲመስል የከፈለው እርሱ ራሱ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

እነዚህ ሁለት ማስረጃዎች የዋዜማውን ታላቅነት ይቀንሱታል፤ ነገር ግን ሁለተኛውን ጥያቄያችንን፣ ገንዘቡ ወዴት ሄደ የሚለውን፣ አይመልሱም። ወደዚያ እንሻገር።

፭. ገንዘቡ ወዴት ሄደ

ከላይ የባትልፊልድ 3 ዝቅተኛ በር ዳይሬክት ኤክስ 10 እንደ ነበረ ተናግረናል። ኤንቪዲያ ይህን ደረጃ የሚያሟላውን የመጀመሪያ ካርዱን፣ ጂፎርስ 8800 ጂ.ቲ.ኤክስን፣ ያወጣው በኖቬምበር 2006 ነው። በዚያው ወር ኩዳ የተባለውን ዘዴ አስታወቀ። ኩዳ ማለት የግራፊክስ ካርዱን ከሥዕል ውጭ ለማናቸውም ስሌት ማዘዝ የሚያስችል መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት የኤንቪዲያ ዳይሬክት ኤክስ 10 ካርዶች ሁሉ ኩዳን ያውቃሉ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት አንዱም አያውቅም። እንግዲህ ከኤንቪዲያ ካርዶች መካከል ባትልፊልድ 3 «ግባ» ያለውና ሳይንቲስቱ ሊጠቀምበት የሚችለው አንድ ዓይነት ነው፤ «ውጣ» የተባለውም እንዲሁ።

ይህ በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይደለም። የአዲሶቹ ካርዶች ጠባይ እያንዳንዱ ትንንሽ ሠራተኛ ለማንኛውም ሥራ እንዲታዘዝ ሆኖ መሠራቱ ነው። አንደርሶን በ2011 የገለጸው የብርሃን አሠራርም በዚህ ጠባይ የሚጠቀም ነበር፤ ሥዕሉ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፈልና ለእያንዳንዱ የትኛው መብራት እንደሚደርሰው ካርዱ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ያሰላል። ጨዋታው ራሱ ካርዱን ከሠዓሊነት ወደ ሒሳብ ሠራተኛነት ካሸጋገሩት አንዱ ነበር ማለት እንችላለን።

ውጤቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ታየ። በ2012 በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አሌክስ ክሪዤቭስኪ፣ ኢልያ ሱትስኬቨርና ጄፍሪ ሂንተን አሌክስኔት የተባለውን የነርቭ መረብ ሠሩ። መረቡ 1.2 ሚሊዮን ያህል ፎቶግራፎችን እያየ ዕቃዎችን መለየት ተማረ፤ በምስል መለየት ውድድርም የስሕተቱ መጠን 15.3 በመቶ ሲሆን ሁለተኛ የወጣው 26.2 በመቶ ነበር። ብዙዎች ለዛሬው የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ዘመን መነሻ አድርገው የሚቈጥሩት ይህን ሥራ ነው። መረቡን ለማስተማር አምስት ወይም ስድስት ቀን ፈጀ፤ የሠራበትም መሣሪያ እያንዳንዳቸው 3 ጊጋባይት ማስታወሻ የነበራቸው ሁለት ጂ.ቲ.ኤክስ. 580 ካርዶች ነበሩ። ይህ ካርድ ከአንድ ዓመት በፊት የባትልፊልድ 3ን ዋዜማ የሚጠብቅ ተጫዋች ኪሱ ቢፈቅድለት ይመኘው የነበረ ካርድ ነው። ለቤተ ሙከራ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። እንዲህ ያለ ጉልበት በጥቂት መቶ ዶላር ሊገኝ የቻለው ዱምንና ኩዌክን፣ ባትልፊልድንና ሌሎችንም እየጠበቁ በየጥቂት ዓመቱ ካርድ የሚቀይሩ ሰዎች የፋብሪካውን ወጪ ስለ ተካፈሉት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንለፈው። በ2020 እስከ ጁላይ መጨረሻ ባለው ሩብ ዓመት የኤንቪዲያ የዳታ ሴንተር ገቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጨዋታ ገቢው በለጠ፤ 1.75 ቢሊዮን ዶላር በ1.65 ቢሊዮን። በ2021 ካርዶች በዲጂታል ገንዘብ ቈፋሪዎችና በዓለም የቺፕ እጥረት ምክንያት ከሱቅ ጠፉ። በጃንዩዋሪ 2025 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት ከ130.5 ቢሊዮን ዶላር ገቢ ውስጥ 115.2 ቢሊዮኑ ከዳታ ሴንተር ሲሆን የጨዋታው ድርሻ 11.4 ቢሊዮን ያህል ነበር። በ2025 መጨረሻ ደግሞ የዳታ ሴንተሮች ፍላጎት የራምን ዋጋ አናረው፤ ማይክሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዲሴምበር 2025 ክሩሻል በሚለው ስም ለተራው ገዢ የሚሸጠውን ክፍል እንደሚዘጋ አስታወቀ። በአንድ ወቅት የገበያው ጌታ የነበረው ተጫዋች ወደ ሰልፉ ኋላ ተመለሰ።

በዚሁ ዓመት ያው ተከታታይ ጨዋታ ሌላ ዋዜማ አደረገ። ባትልፊልድ 6 በኦገስት 2025 ለሙከራ ሲከፈት በስቲም ላይ ብቻ በአንድ ጊዜ ከ520 ሺሕ በላይ ሰዎች ተገኙ። ጨዋታው በኦክቶበር 10 ቀን ወጣ፤ ከአራት ቀን በኋላ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። በሦስት ቀን 7 ሚሊዮን ቅጅ መሸጡን አሳታሚው ገለጸ። የሚያስገርመው የዚህ ጨዋታ በር በጉልበት ረገድ ከባድ አለመሆኑ ነው፤ ዝቅተኛው ካርድ በጃንዩዋሪ 2019 የወጣው አር.ቲ.ኤክስ. 2060 ነበር። ብዙዎችን ያስቸገረው ሴኪዩር ቡት የተባለው የማስነሻ ጥበቃ እንዲበራ መጠየቁ ነው። ይህም አጭበርባሪዎችን ለመከላከል የተደረገ ነው። በ2005 ጨዋታው ካርዱን «ቋንቋዬን ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀ። በ2011 ኮምፒዩተሩን «ዘመንህ የቱ ነው?» አለው። በ2025 ግን «ልመንህን?» አለው።

፮. ማጠቃለያ

ከተመለከትናቸው ነገሮች የሚከተሉትን መደምደሚያዎች እናወጣለን።

አንደኛ፣ በ2011 የነበረው ጉጉት በማስታወቂያ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ኮምፒዩተር ከኮንሶል የሚሻልበትን ነገር በዓይን የሚያሳይ ጨዋታ ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ 64 ሰው የሚያሰልፈው ሜዳ፣ ፈጣኑ ሥዕልና የሚፈርሰው ግድግዳ ያን አሳያቸው። ማስታወቂያው ይህን ፍላጎት አራገበው እንጂ አልፈጠረውም።

ሁለተኛ፣ የመመዘኛ ዝርዝር ተራ የቴክኒክ ወረቀት ተደርጎ መታየት የለበትም። ማን እንደሚገባ፣ ማን በውጭ እንደሚቀር፣ የማን ዕቃ አሮጌ እንደሚባል የሚወስን ሰነድ ነው። የታሪክ ተማሪ የአንድን ዘመን የቀረጥ መዝገብ እንደሚያነብ ይህንንም እንዲሁ ሊያነበው ይገባል።

ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ታላላቅ መሣሪያዎች በታላላቅ ተቋማት ገንዘብ ብቻ ይሠራሉ የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ታሪክ ፊት አይቆምም። አሌክስኔት የተማረበት ካርድ እንደ ሱቅ ዕቃ ሊገኝ የቻለው፣ የወር ደመወዙን እያብቃቃ ወይም የተማሪነት ገንዘቡን እያጠራቀመ ለጨዋታ ሲል ካርድ የገዛ ሕዝብ ስለ ነበረ ነው። ያ ሕዝብ ያሰበው ስለ ሳይንስ አልነበረም፤ የተመኘው አንድ ቅዳሜ ከወዳጆቹ ጋር በታንክ ላይ ተሳፍሮ ሳይንቀረፈፍ መዋጋትን ነበር። የገዛውንም አገኘ፤ ገበያው አላታለለውም። ነገር ግን ዛሬ ስለ ዳታ ሴንተሮችና ስለ ቢሊዮን ዶላሮች በሚጻፈው ታሪክ ውስጥ ስሙ ከኅዳግ አይወጣም። ዛሬ አንድ ራም ለመግዛት ሱቅ ገብቶ ዋጋውን ሰምቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ተጫዋች፣ ዋጋውን ያናረበት ኢንዱስትሪ በከፊል የእርሱና የታላላቆቹ እጅ ሥራ መሆኑን ቢያውቅ ዕቃው አይረክስለትም፤ በታሪኩ ውስጥ የሚገባውን ስፍራ ግን ያገኛል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ለመሙላት የሞከርነው ያንን ባዶ ስፍራ ነው።